ከበሮውን ለሌላ የሰጠሁበት ንግሥ

ለጥሩወርቅ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ጥሩዬ፣ ልጃችንን ማስተዋልን ያቀፍኋት እኔ አልነበርሁም። ይህን ልነግርሽ ስል ስንት ጊዜ ወሬ ቀይሬያለሁ። አንቺ ኦፕራሲዮን ሆነሽ ራስሽን ሳታውቂ በተኛሽበት ጊዜ፣ ያቺን በሰባት ወሯ የመጣች ልጅ በደረቱ አሙቆ ያቆያት ባልሽ አይደለም። ነቅተሽ «ማን ያዛት?» ስትዪኝ «እኔ» ያልሁሽ ውሸት ነበር። እንግዲህ ጻፍሁት።

በሞት ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱ እንደ ተውሽው ነው አልልሽም፤ ውሸት ማቆሜ ነውና። ጌሾሽ ደርቋል። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠሁ። የበሩ ጩኸት ግን እንዳለ ነው። አናጢ ሆኜ የራሴን በር ሳላበጅ መኖሬን እያነሣሽ ሰው ታስቂብኝ ነበር። ባለፈው መሣሪያዬን ይዤ ተነሣሁና ተውሁት። ከገበያ ስትመለሺ መምጣትሽን የሚነግረኝ እሱ ነበር። ማታ ማታ ውዳሴ ማርያሙን እደግማለሁ፤ አንቺ የምትቀበዪኝ ቦታ ላይ ስደርስ ጥቂት እጠብቅና ራሴ እመልሳለሁ።

ያኔ ማስተዋል ስትወለድ የደብራችን ንግሥ ዋዜማ ነበር። አዲስ አበባ ሠልጥና የመጣች ነርስ ነበረች፤ ታስታውሻታለሽ፣ ቀጭኗ። «ማሞቂያው ተይዟል። ሸሚዝህን አውልቅና ሕፃኗን ገላ ለገላ ልሰርልህ፤ ያንተ ሙቀት ይበቃታል» አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ ትምህርቴ ከዳዊት ባያልፍም፣ የደብሩ ከበሮ መቺ ነኝ። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ያቀፈ፣ አራስ ያለችበት የገባ፣ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። በማግሥቱ ማኅሌት አለብኝ። በዚያ ላይ ያን ሁሉ ሴት ፊት ሸሚዝ ማውለቅ! «እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ ንግሡንም ከበሮውን ባንገቴ አንጠልጥዬ ዋልሁ።

ስመለስ ልጃችን ደረት ላይ ነበረች። ከወንዛዬ የመጣች አንዲት ሴት የራሷን ሕፃን በግራ፣ የእኛን በቀኝ ይዛ ተቀምጣለች። «አባቷ ነህ? ምን ያለች ጉልበተኛ ናት፣ ልጄን ስትረግጥብኝ ዋለች!» ብላ ሳቀችብኝ። አንቺ ስትነቂ እሷ ልጇን ይዛ ወደ ሀገሯ ሄዳ ነበር። አልጋዋ ባዶ ነው፤ ከልጃችን አጠገብ የቆምሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስትጠይቂኝ አፌ ቀደመኝ።

ከዚያ ወዲያ ስንት ቤት አወራሽው! አራስ ልትጠይቂ በገባሽበት ሁሉ «የኔ ባል እኮ ልጁን በደረቱ ነው ያተረፈ» ትያለሽ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ያን ኩራትሽን ልነጥቅሽ ስላልፈለግሁ ነው ዝም ያልሁት እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ሳስበው ግን ወሬውን የወደድሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ የነፍስ አባታችንን የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኋቸው። «ነፍስ ለማትረፍ ሕፃን አቀፍህ ብሎ ማን ያባርረዋል? ያ ወዳጅህ ፈርቶ ነው እንጂ ተከልክሎ አይደለም» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ጥሩዬ፣ አያት ሆነሻል። ማስተዋል ወንድ ልጅ ወለደች። እሱም እንደ እናቱ ቸኩሎ መጣ፣ እሷም እንዳንቺ በኦፕራሲዮን። ባሏ ጭነት ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነበርና ከሆስፒታል የዋልሁት እኔ ነኝ። ክፍሉን ብታዪው አታውቂውም፤ ማሞቂያው በዝቷል፣ በየአልጋው ጢው የሚል መሣሪያ አለ። ገላ ለገላ ማቀፉን ግን አልተዉትም፤ እንዲያውም ጥናት ያጠኑበታል። እናት ስትታመም አባት ወይም አያት ቢያቅፈው ሕፃኑ እንዴት ይሞቃል የሚል ነው። ወረቀቱን አንብበው አስረዱን፤ «ባትስማሙም ሕክምናው አይጓደልበትም» አሉ። ማስተዋል ተስማማች። ከዚያ አንቺ ስለ እኔ ታወሪው የነበረውን አጫወተቻቸው።

ጠዋት ዋናዋ ሐኪም ተለማማጆቿን አስከትላ መጣች። «እኒህ አባት ልጃቸውን በደረታቸው ያተረፉ ናቸው። ዛሬ ከእሳቸው ነው የምትማሩት። አባባ፣ አስተቃቀፉን ያሳዩልን» አለች። ነጭ ካፖርት ሁሉ ወደኔ ዞረ። ማሰሪያ የሚሆነውን ነጠላ ሰጡኝ። የትኛው ጫፍ በየት እንደሚያልፍ አላውቅም። ሕፃኑ ከመዳፌ ትንሽ ነው የሚበልጠው። አንዱ ተለማማጅ፣ የከተማ ልጅ ነው፣ «ፋዘር፣ ከዚህ በፊት አቅፈው ያውቃሉ ብዬ ለጥናቱ ልመዝግበው አይደል?» አለኝ።

ወሬሽ ከጎረቤት ቤት ሲቀር አንድ ነገር ነበር። ይኼ ግን ነገ የሌላ ሰው ልጅ የሚታከምበት ትምህርት ሊሆን ነው። ደግሞስ አውቃለሁ ብዬ ባላወቀ እጄ ይዤው ትንፋሹን ብዘጋበት? ያንቺ የልጅ ልጅ ነው።

«አትመዝግብ፣ ልጄ» አልሁት። «አቅፌ አላውቅም። ያቀፈቻት ሌላ ሴት ናት፣ እኔ ሸሽቼ ነበር። አስተምሩኝ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «ምን ፈርተው ነበር?» አለችኝ። የከበሮውንም የሸሚዙንም ነገርኋት። ወደ ተማሪዎቿ ዞራ፣ «አባት እምቢ ሲላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት፤ እንዲህ ተቀምጣችሁ ጠይቁት» አለች። ቀጥላም መጋረጃ አስሳበችልኝ። እስከ ዛሬ አባቶችን ያለ መጋረጃ አውልቁ ይሏቸው ኖሯል።

ሸሚዜን አወለቅሁ። ያ የከተማ ልጅ የደረቴን ሽበት ሲያይ «ፋዘር፣ ይኼማ የበግ ለምድ ነው፤ ሕፃኑ ጋቢም አያሻው!» አለ። ነርሶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እግሩን እንደ እንቁራሪት አጥፈው፣ አፍንጫው እንዳይታፈን ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙረው ደረቴ ላይ አስተኙትና አሰሩት። ሲነካኝ በረዶ ነበር። እየቆየ ለብ አለ። በየጊዜው ብብቱን እየለኩ ሄዱ፤ በመጨረሻ ያ የከተማ ልጅ መለኪያውን አሳየኝና አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። ማልቀሴን ያየ የለም፤ መጋረጃው ደግ ነው።

ማስተዋልን በተሽከርካሪ ወንበር ሲያመጧት ሁሉንም ነገርኋት። ዓይኗን ከኔ ወደ ልጇ መለሰች። ከዚያ «ታዲያ ማን አቀፈኝ?» አለች። ከወንዛዬ የመጣች ሴት አልኋት። «ስሟን እንኳ አልጠየቅህም?» እውነት ነው፣ አልጠየቅሁም። ቀኑን ሙሉ ሳታናግረኝ ዋለች። ሲመሽ ግን «አባዬ፣ ተራህ ነው» ብላ ልጇን አቀበለችኝ። አሁን በጸሎቴ ያንቺን ስም ባነሣሁ ቁጥር ያቺን ስሟን የማላውቃትን ሴትም ከጎንሽ አቆማታለሁ። እስክሞት ሁለታችሁንም አልረሳም።

እንዲህ ስንፈራረቅ የደብራችን ንግሥ ደረሰ። ማስተዋል «ሂድ እንጂ አባዬ፣ ከበሮው ይጠብቅሃል፤ እኔ እይዘዋለሁ» አለችኝ። ዓይኗ ግን በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ውጭ ወጥቼ ለነፍስ አባታችን ደወልሁ። «አባ፣ ዘንድሮ ከበሮውን ለሌላ ይስጡልኝ፤ ሕፃን አቅፌያለሁ» አልኋቸው።

«ያ ወዳጅህ ነው?» አሉኝ።

ለካ ያኔም አውቀውት ኖሯል። «አዎ አባ፣ እሱ ነው» አልሁ።

«እግዚአብሔር ያበርታህ በልልኝ።»

ተመልሼ ሸሚዜን አወለቅሁ፤ አስተሳሰሩን አሁን ለምጄዋለሁ። ማስተዋል ጎኗን እንዳሳረፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ረፋዱ ላይ ከከተማችን ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ የደብሩን ድምፅ ማጉያ ጩኸት ይዞ በመስኮት ገባ፤ ታቦቱ ወጥቶ ነበር። ከበሮውን የያዘው ጎረምሳ ይቸኩላል። ሳላስበው ጣቴ ሕፃኑ ጀርባ ላይ ትክክለኛውን ምት መምታት ጀመረ። ልጁ ግንባሩን ቋጠረ። እጄን አሳረፍሁ። ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ እስኪገባ፣ እልልታው እስኪያበቃ፣ አቅፌው ተቀመጥሁ።