የግራው ጫማህ

ውድ አባዬ፣

ስልክ ስደውል ለእህቴ አቀብለህ ትሸሻለህ። ደብዳቤ ግን ለማንም አቀብለህ አታመልጥምና መነጽርህን አድርገህ ቁጭ በል። ዋናውን ላስቀድም፤ አልፌያለሁ! የመመረቂያ ጥናቴ እጅግ በጣም ጥሩ ተብሎ አለፈ። ያሳለፍከኝ አንተ ነህ፤ ሳታውቀው።

የአካባቢ ኢኮኖሚክስ ልማር ነው ስልህ «አካባቢ ደግሞ ገበያ ይወጣል እንዴ?» ብለህ በደንበኞችህ ሁሉ ፊት ሳቅህብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮም ስሜ «ፕሮፌሰሯ» ሆኖ ቀረ። ልመዘገብ የሄድኩ ጠዋት ግን ጫማዬን ራስህ ወልውለህ ሸኘኸኝ። ያኔ አመሰግናለሁ ማለት አፍሬ ዝም ብዬ ነው የወጣሁት።

ለጥናቴ ከጫማ መስፊያ ሱቅህ ጀርባ ያለውን ኩሬ የመረጥኩት ሊደፈንና የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ስለነበር ነው። የኔ ሥራ ኩሬው ለሰፈሩ ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማሳየት ነበር። ገበያ የማይወጣን ነገር ዋጋ ለማወቅ ሰው ጠይቁ ተብለናል፤ እኔም መጠይቄን ይዤ ሁለት መቶ ሰው ጠየቅሁ። አንተ ጋም መጣሁ፣ እንደማላውቅህ ሆኜ።

«ኩሬው እንዳይደፈን በወር ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?»

ወስፌውን ከቆዳው ሳትነቅል «ምንም» አልክ።

«አባዬ፣ የምሬን ነው።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ? ቤቴ ለመግባት ትኬት ልቁረጥ? የሚደፍነው ሰውዬ ይክፈል!»

አብራኝ የመጣችው ጓደኛዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ፊቴ ቀልቶ ዜሮ ጻፍኩ።

እንዳንተ ዜሮ ያሉ ሃምሳ አራት ሰዎች ተገኙ። አማካሪዬ «እነዚህን አውጪያቸው፤ ግድ የሌላቸው ናቸው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምሳ ላይ እየሳቅሁ «አባዬ፣ ወረቀትህ ተጣለ እኮ! ለኩሬው ደንታ የሌለው ሰው ተብለሃል» አልኩህ። አልሳቅህም። ሳህንህን አንስተህ አጠብክ። በሳምንቱ «እህትሽን ላግዛት» ብለህ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። እህቴ ምን እገዛ እንደሚያስፈልጋት እስካሁን አልገባትም።

አባዬ፣ ያቺ የምሳ ሰዓት ወሬዬ ታንገበግበኛለች። ያኔውኑ ይቅርታ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር፤ ግን የተማርኩ መስሎኝ ኮራሁ።

ከሄድክ በኋላ ሱቅህን ልጠርግ ገባሁ። ከወንበርህ ሥር አሮጌው ቡኒ ጫማህ አለ። የግራውን ባነሳው ሶሉ በውጭ ጠርዙ በኩል ተበልቶ ወረቀት አክሏል። እዚያው ቁጭ አልኩ። ልጅ ሆኜ አጠገብህ ስቀመጥ የሰው ጫማ ገልብጠህ «ይሄኛው ኩሬ ዟሪ ነው» ትለኝ ነበር። የኩሬው ዳር መንገድ ወደ ውኃው ያዘነበለ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ደግሞ ውኃውን በግራው አድርጎ ስለሚዞር የግራ ሶሉ በውጭ በኩል ያልቃል። ደንታ የለውም የተባለው ሰውዬ ሃያ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ሲዞር ኖሯል! «እዚያ ምን ትሠራለህ?» ስልህም መልስህ «ምንም» ነበር።

ክፍል ውስጥ የተማርነው ሌላ ዘዴም አለ፤ ሰው አንድ ቦታ ለመድረስ የሚያጠፋውን ጊዜና ድካም መለካት። ሃምሳ አራቱንም ቤት እንደገና አንኳኳሁ። «ጫማዎን ላየው?» ስላቸው ያበድኩ የመሰላቸው ነበሩ። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ «ልጄ፣ ጥያቄው አላዋጣ ሲልሽ ሊስትሮ ሆንሽ?» አሉኝ። ግን ጫማቸውን አወጡልኝ። ከሃምሳ አራቱ የአርባ አንዱ ሶል ልክ እንደ አንተው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ጥናቴን ሳቀርብ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ዜሮ ያለን ሰው በምን ሒሳብ ከኩሬው ወዳጆች ትቆጥሪዋለሽ?» አሉ። ቦርሳዬን ከፈትኩና ጫማህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይህ ሰው በአፉ ዜሮ አለ፤ በእግሩ ግን ሃያ ዓመት ከፍሏል» አልኩ።

«ማነው?»

«ጫማ ሰፊ ነው። አባቴ ነው።»

አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ አለቀስኩ። ፈታኙ ጫማህን ገለባብጠው አዩት። ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ቀስ ብለው የራሳቸውን ግራ እግር አነሱና ሶላቸውን አዩ! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ አማካሪዬም አብረው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ አማካሪዬ ተነስተው «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ሃምሳ አራቱ ይመለሱ» አሉ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት የከተማው መሐንዲስ ጥናቱን ወሰዱ። ትናንት ደውለው ጉዳዩ እንደገና እስኪታይ ድረስ መድፈኑ ቆሟል አሉኝ። እልልታዬን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ያገባሁ መስሎት መጣ።

የመጠይቅ ወረቀትህ አሁን በጥናቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው። ይቅር በለኝ፣ አባዬ። እህቴን ያገዝካት ይበቃታል፤ እሁድ በጠዋቱ አውቶቡስ ና። ጫማህን ይዤ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ ሶሉ እንዳለ ነው፣ አላስነካሁትም። ከዚያው ወደ ኩሬው እንሄዳለን። እዚያ ምን እንሠራለን ካልከኝ፣ ምንም።

ዜሮህን የጻፈችው ልጅህ፣
ፕሮፌሰሯ