«ተነስቷል» ተብሎ ስለተመዘገበው መኪናዬ

ለክቡር የእናቶች መጓጓዣ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅግጅጋ

አሰላሙ ዐለይኩም ክቡር ኃላፊ። ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ፣ ቢሮዎንም ደጁ ላይ በለጠፈው ሪፖርት መሠረት ሥራውን መቶ በመቶ አጠናቆ ሲያርፍ እንዲያገኘው ልባዊ ምኞቴ ነው። ሮብሌ እባላለሁ። አምቡላንስ ሲጠፋ ነፍሰ ጡሮችን ከገጠር እንዲያመጣ ብዬ፣ ያረጀ ባለ ዐሥራ ሁለት ወንበር መኪናዬን በገዛ ፈቃዴ ቢሮዎ ያስመዘገብኩ ሾፌር ነኝ። ጉዳዬን በአደባባይ የጻፍኩት በአራት ወር ውስጥ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እጅግ ስለተከበሩ ይመስለኛል፣ ማንም ደፍሮ ሳይከፍታቸው መዝገብ ቤት ስላገኘኋቸው ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለቢሮዎ የውሃ ቧንቧ ተብሎ በከተማው መውጫ ላይ ስለተቆፈረውና ሁለት ክረምት ሙሉ አፉን ከፍቶ እንዲጠብቀን ስለተፈቀደለት ቦይ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥር፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴን ዐምራንን የመጀመሪያ ልጃችንን እናቷ ዘንድ እንድትወልድ ቱሊ ጉሌድ አጠገብ ወዳለች መንደራቸው አድርሼ ስመለስ፣ የመኪናዬ የቀኝ የኋላ አክስል እዚያ ቦይ ውስጥ ተሰበረ። መሰበሩንም ያንኑ ዕለት ለቢሮዎ ተረኛ ነግሬ አስጻፍኩ። ተረኛው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መዝግቦታል፤ ያ ገጽ ዛሬ የት እንደገባ አላህ ይወቅ።

2. ቀጥሎ ስለ ስልክ ጥሪው አመሰግናለሁ፤ ይህንን ግን ከሥሩ ካላስረዳሁ አይገባዎትም። አርብ ጠዋት ከጎረቤቴ ከጋሽ ተሻለ ጋር፣ እሳቸው በጡረታ የተገለሉ የሠራዊት መካኒክ ናቸው፣ ማታውን ተጎትቶ የገባውን መኪና እግቢዬ ውስጥ በክሪክ አንስተን ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። እኔ ሶማሊ ነኝ፤ አማርኛዬን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእሳቸው ጋር መኪና ሥር ተጋድሜ ነው የተማርኩት። እዚያ ሥር ደግሞ ጎማው ከመሬት የለቀቀ መኪና «ተነስቷል» ነው የሚባለው። በሦስት ሰዓት ተኩል የቢሮዎ ሠራተኛ ወይዘሪት እናትአለም ደውላ መኪናህ ተነስቷል ወይ አለችኝ። የትናንቱን ስብራት ለመከታተል መስሎኝ፣ እንዲህ የሚያስብልኝ ቢሮ አለ ብዬ ደስ እያለኝ፣ አዎ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተነስቷል አልኳት። እሷ ደግሞ ዐምራን ምጥ እንደያዛት በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ሬዲዮ ሰምታ፣ እኔም የሰማሁ መስሏት ኖሯል። ለመንገድ ተነስቷል ብላ መዘገበች። የዋህ ልጅ ናት፤ ከዚያ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥታ አልቅሳለች፣ እውነቱንም ለመፈረም ፈቃደኛ ናት። ማህተሙ ግን እርስዎ ዘንድ ነው።

3. በእኔ «መነሳት» ምክንያት ሥራ የፈታው አምቡላንስ ያን ቀን ለስብሰባ አዳራሽ ወንበር ሲያመላልስ በመዋሉም አመሰግናለሁ። ወንበሮቹ አንዳቸውም ሳይጎዱ መድረሳቸውን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

4. ይህንን በምስጋና መልክ መጻፍ አቃተኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመንደሩ የስልክ ኔትወርክ የለም። ለዐምራን የደረሳት ቃል ከጤና ጣቢያው የመጣው ብቻ ነበር፤ ባልሽ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተነስቷል የሚለው። በአምስት ሰዓት የግመል ወተት የጫነ አይሱዙ ወደ ጅግጅጋ ሲያልፍ ሾፌሩ ጋቢናውን ልልቀቅልሽ ብሎ ለምኗት ነበር። ሮብሌ ተነስቷል፣ መንገድ ላይ እንተላለፋለን ብላ መለሰችው። እኔ በዚያች ሰዓት ዲፈረንሻሉ ውስጥ የቀረውን ስባሪ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በፈታነው ማግኔት ጎትተን ስላወጣን ከጋሽ ተሻለ ጋር እጅ ለእጅ ተማትተን እንስቅ ነበር። ከተጣለ መኪና የወሰድነውን አክስል፣ ኩሽኔታውን በፈላ ዘይት አግለን፣ አስገባን፣ ቡሎኖቹን አጠበቅን፣ በዐሥር ሰዓት ጎማው መሬት ነካ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም። የዐምራን ወንድም ዐብዲጀባር ኔትወርክ ያለበት ቦታ ደርሶ፣ ምጥ ይዟት ስትጠብቅህ ዋለች፣ የት ቀረህ ብሎ የደወለልኝ ገና እጄን ሳልታጠብ ነው። መኪናው እስከ መንደሩ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳይንቋቋ አደረሰኝ። ልጄ በዘጠኝ ሰዓት ተወልዳ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ሦስት ሰዓት ኖራለች። እኔ የደረስኩት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው።

5. በመጨረሻም ደጅዎ ላይ በማህተም ስለተለጠፈው ሪፖርት። «በተመዘገበ የግል ተሽከርካሪ በሰላም የተጓጓዙ፦ እናት 1፣ ሕፃን 1» ይላል። ዐብዲጀባር ቅጂውን ለእህቱ ወስዶ አነበበላት። እኔ ስለ ክሪኩ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለዚያች አንድ ቃል ማልኩላት፤ ጋሽ ተሻለም ተጉዘው መሰከሩልኝ። ለእሷ ግን መንግሥት ባልሽ ተነስቷል ብሎ ጽፏል፤ ተነስቶ ካልደረሰ ደግሞ መንገድ ላይ ጫት ቤት ተቀምጧል ማለት ነው። አራት ወር ሆነ፣ ከእናቷ ቤት አልተመለሰችም። በር ላይ ስቆም ፊቷን ታዞራለች። አልፈርድባትም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንን ሰው አላየውም ነበር።

ክቡር ኃላፊ፣ አክስሉን ይተኩልኝ አልልም፣ ቦዩንም ቢሮዎ ሲመቸው ይድፈነው። የምለምንዎ አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «የሮብሌ መኪና ያን ቀን ተሰብሮ ነበር፣ ከግቢው አልወጣም» የምትል፣ ከሥሯ ማህተም ያረፈባት። ወስጄ አሳያታለሁ። እኔን ባታምነኝም እንኳ ማህተሙን አይታ፣ በከንቱ የጠበቀችኝ በእኔ ክህደት እንዳልነበረ ታውቃለች፤ እኔ ሚስቴን ሌላ በምን እንደምመልሳት አላውቅም።

ሪፖርትዎ ምንጊዜም ሙሉ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከአክብሮት በቀር ምንም ያልቀረልኝ፣ በመዝገብዎ መሠረት እስካሁን መንገድ ላይ ያለሁት፣

ሮብሌ፣ ሾፌር

ከፊርማዬ በኋላ፦ ባለፈው ሰኞ ከቢሮዎ የደረሰኝ ብቸኛ ደብዳቤ «የሕፃኗ ስም» የሚለው ሳጥን ባዶ በመሆኑ ሪፖርቱ አልተዘጋምና በአስቸኳይ ሞልቼ እንድመልስ ያዛል። ለመታዘዝ ፈልጌ ነበር። በእኛ ዘንድ ለልጅ ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ሴት ከሆነች ስሟን እኔ አወጣለሁ ብላ የመረጠችው ዐምራን ናት፣ እስከዚያ ቀን ድረስም ለእኔ እንኳ ላለመናገር ቆርጣ ነበር። አሁን ስለማታናግረኝ ልጠይቃት አልቻልኩም። እርስዎ በደብዳቤ ቢጠይቋት ትመልስልዎ ይሆናል። ከነገረችዎ ለእኔም በግልባጭ ያሳውቁኝ።