የሸራ አልጋው ፍተሻ

ወንድሜ፣

ልጄ አታለለችኝ። ወንዝ ዳር ምሳ በልተን እንመለሳለን ብላ አውጥታኝ ከነልጆቿ ድንኳን ውስጥ አሳደረችኝ። ፍራሽ፣ ትራስ፣ የሚታጠፍ የሸራ አልጋ ሳይቀር ደብቃ ጭናለች። «በሸራ ላይ የሚተኛ በሽተኛ ነው» ብዬ መሬት ላይ አነጠፍኩ። ሲነጋ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ።

ቁርስ ላይ የአልጋውን ማጠፊያ አየሁና «ይህ አልጋ ሰው አይሸከምም» አልኳት።

«አባዬ፣ አናጢ ሳይፈትሽ ይፈርዳል እንዴ?» አለችኝ።

በሙያዬ ሳልፈትሽ ፈርጄ አላውቅምና ጋደም አልኩበት። ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ጫማዬን አውልቀው ብርድ ልብስ አልብሰውኛል።

«ፍተሻው አለቀ?» ብላ ሳቀች።

«ገና ነው» ብዬ ወደ ሌላው ጎኔ ዞርኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔና አንተ የገጠምነው የቤቴ አልጋ እንኳ እንዲህ አላሳረፈኝም። እስከ እሑድ እንቆይ ያልኩትም እኔው ነኝ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ያንን ነገረኛ ጎረቤታችንንም ሰላም በልልኝ፣ ይህን ግን እንዳታሳየው። ስለ አልጋው የምናገረው ይኸው ነው። ስመለስ ብትጠይቀኝ አልመልስልህም።