የኮትህ ቁልፍ

አንተዬ፣ እንዴት ከረምክ?

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ለቃለ መጠይቅ ተራ ስንጠብቅ ያዋስከኝ ኮት ቁልፉ ዱብ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው አመልካች ነርስ ናት። ለአንድ ቦታ እንደምንሻማ እያወቀች መርፌና ክር ከቦርሳዋ አወጣች። «ቁስል የምሰፋ ሰው ኮት ያቅተኛል?» እያለች ስትሰፋልኝ ስሟ ተጠራ። ልነሳ ስል፣ «ሳልቋጨው ንቅንቅ የለም! በሽተኛ እንዲህ ተትቶ አይኬድም» አለችኝ። ስትቆጣ ቁርጥ እናትህን! ቋጭታ ሮጣ ገባች።

እኔንም «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» ሲሉኝ አብረን ያጠናነው መልስ ጥፍት አለብኝና የሷን ነገር አወራሁላቸው። ከሁለታችን አንድ ሰው ብቻ ከፈለጉ እሷን ይውሰዱ፤ ከልቤ ነው።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እማማን ጉልበት ሳምልኝ። ቁልፉ በቀይ ክር ነው የተሰፋው፤ አደራ፣ እንዳታስፈታው።