የጋሽ ቀስታ ሽኝት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ከእንጨት ሥራ ቤታችን ሁለት ቁምሳጥን ወጣ። የሦስተኛው ቫርኒሽ ግን በእርጥበቱ አልደርቅ ብሏል። ጋሽ ቀስታ እንደ ወትሮው ከሁላችን ቀድመው ገብተው የመጋዝ ማሽኑን ሲጠርጉ ደረስኩ። "ደህና አደሩ ጋሼ?" ዝም። ጠጋ ብዬ ደገምኩት። "አንቺ ልጅ፣ አስደነገጥሽኝ!" ብለው ሳቁ። ቀኑን ሙሉ "ቀስ በል፣ ቀስ በይ" ሲሉ ዋሉ... ስሙን ያወጣላቸው ሰው አልተሳሳተም።

ጆሯቸው ግን ባሰበት ልበል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ጋሼ የሚሰነጥቁት ጣውላ ውስጥ ሚስማር ነበረ። ቀለም ቀቢው አይቶ "አጥፉት! አጥፉት!" እያለ ጮኸ። አልሰሙም። የመጋዙ ጥርስ ተሰብሮ ተፈናጠረና የቀለም ቀቢውን ጉንጭ ታክኮ አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ለጥቂት! "ዛሬ ሁለተኛ ተወለድኩ" አለ ቀለም ቀቢው። ሁሉም ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት።

"የሥራ ኃላፊያቸው አንቺ አይደለሽ? ንገሪያቸዋ።"

"እንጨት ከእንጨት መለየት ያስተማሩኝን ሰው 'ጆሮዎ ከድቶዎታል' ልበላቸው?"

"ታዲያ ሰው እስኪሞት ትጠብቂያለሽ?"

እኛ ጋ በዚህ ዕድሜ ጡረታ ውጣ የሚል ደንብ የለም። ሰው እስከቻለ ይሠራል። ሳስበው ደስ ይለኛል... ግን "በቃ" የሚለው ማነው? ደንብ ቢኖር እሱ ይልልኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ልነግራቸው ሄጄ ስለ ኮላ አውርቼ ተመለስኩ። ትናንትም እንደዚሁ። ፈሪ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

መላ አገኘሁ። ሽኝት! አርብ ከሥራ በኋላ... ኬክ፣ ንግግር፣ ስጦታ። ክፉ ቃል ከአፌ ሳይወጣ፣ ክብራቸውም ሳይነካ ነገሩ ያልቃል። ባለድርጅቱ "ጎሽ!" አለኝ። ስጦታው የሚደገፉበት ወንበር ነው። እኛ ጋ ቢሠራ ያውቁብኛል ብዬ ከሌላ ቦታ ገዛሁ።

ሶፋ የምታለብሰው እትዬ ብቻ ከመርፌዋ ቀና ሳትል "ጠይቀሻቸዋል?" አለችኝ።

"እንዳይሰሙ! ድንገት ነው የሚሆንባቸው።"

"እሱስ ድንገት ነው" አለች።

አርብ፣ ጥቅምት 22

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ባለድርጅቱ ሲናገር ጋሼ ከኋላ ቆመው ነበር። ግማሹን አልሰሙትም። ሰው ሲያጨበጭብ አብረው አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ኬኩ ጠጋ ብለው አነበቡ... "መልካም የዕረፍት ዘመን"። ወደ እኔ ዞሩ።

"ማን ነው የሚሄደው?"

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

"እኔ ነኝ እንዴ?"

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ኬኩን ራሳቸው ቆረሱ፣ ለሁሉም ራሳቸው አደሉ። ወንበሩ ላይ ስናስቀምጣቸው ተንገዳገደ። የወንበሩን እግር ዳበስ አድርገው "ኮላው አልያዘም" አሉ። ሽርጣቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ወጡ። ወንበሩን ይዞ የተከተላቸው የለም።

ለአናጺ ወንበር! ምን ነክቶኝ ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቤታቸው ሄድኩ። ሚስታቸው በሩን ከፍተው ሳሙኝ። መሳማቸው ይብሱን አሳፈረኝ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሱልኝ።

"ይግቡ። ይቀመጡ።"

"እርስዎ" ሆንኩ። ይህን ሁሉ ዓመት "አንቺ ልጅ" ነበርኩ...

"በጆሮዬ ነው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ጥርሱ ከተሰበረ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መጋዙን ልተው፣ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ልሥራ ልልዎት ነበር።"

"ምነው ታዲያ ዝም አሉ?"

"ያሰናብቱኛል ብዬ ፈራሁ።"

እሳቸው እኔን ሲፈሩ፣ እኔ እሳቸውን ስፈራ... ሰኞ ይምጡ፣ መጋዙን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ አልኩ። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሞቅ ያለ ነበር።

"ኬኩን በልቼ?" አሉ። "የተሸኘ ሰው ሲመለስ መሳቂያ ነው።"

ሚስታቸው እስከ በሩ ሸኙኝ። "ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሱን ይለብሳል። ከዚያ ይቀመጣል" አሉኝ።

አክብሮት ነው እያልኩ ነበር። ፍርሃት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

መጋዙን ሌላ ይዞታል። ፈጣን ነው። ሥራው አልጎደለም። ሥራ ቤቱ ግን ጭር አለብኝ። ይመለሱ ብዬ እንደገና መልእክት ላክሁባቸው... መልሳቸው "ሰላም በሏት" ብቻ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሁለት ሻይ ይዤ እትዬ ጋ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ሥራው እንዴት ነው? ምን ከበደሽ?"

በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። "ኬክ ልታመጪ ነው?"

"አይደለም። እየጠየቅኩሽ ነው።"

ትንሽ ሰፋች። አቆመች።

"ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር አቃተኝ። ይኸው ዓመቴ። ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ። ነጩንና ግራጫውን ስጪኝ፣ ገና ብዙ እሠራለሁ።"

"እሺ። ከነገ ጀምሮ።"

"በይ እንግዲያ" ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ይኸው ነው። ያን ያህል የፈራሁት ይኸው ብቻ! ሻዬን ሳነሳው ገና ያቃጥል ነበር።