በወረቀት ላይ ያለው የልደቴ ቀን

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

እዚህ አሜሪካ እንደ ወንዱ ሁሉ በግዴታ ለውትድርና የተመዘገብኩበት ካርድ ትናንት በፖስታ ደረሰኝ። የጦርነት ወሬ በበዛበት ሰሞን መድረሱ አስጨነቀኝና ዛሬ ጠዋት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሱቅ ላላቸው ለጋሼ ታደሰ አሳየኋቸው። እርሳቸው ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ለቬትናም ጦርነት የሚዘምቱት ዕጣ ሲወጣ በሬዲዮ ሰምተዋል።

«ዕጣው የልደት ቀን ነው። ቀንህ ቀድሞ ከወጣ ቀድመህ ትሄዳለህ፤ ሃያ የሞላው ደግሞ ከሁሉ በፊት ይጠራል። ኦኬ፣ አሁን ግን ድራፍት፣ የግዳጅ ምልመላው፣ የለም፤ አትረበሽ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ወር ሃያ ይሞላኛል። ለተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ ጊዜ ይሰጠዋል አሉ፤ እኔ ግን ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ይልቁንም ያስጨነቀኝ ቀኑ ነው። የተወለድኩት ሐምሌ 19፣ በገብርኤል ዕለት ነው። የምዝገባውን ቅጽ የሞላልኝ አጎቴ ወደ ፈረንጅ ሳይቀይር ጁላይ 19 ብሎ ጻፈው፤ ያ ደግሞ በእኛ ሐምሌ 12 ነው። ዕጣ ቢወጣ የሚገባው ያ የተሳሳተው ቀን ነው።

ጋሼ ሳቁ። «ሶ፣ በሚካኤል ተወልደሃላ! ሁለት መልአክ ይዘህ ምን ያስፈራሃል?»

ከሱቁ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። ሐምሌ 19 ለገብርኤል ጃንጥላ ልታስገባልኝ ተስላለች። በ12ም ለሚካኤል ሻማ አብሪልኝ ልላት ፈለግሁ፤ ነገር ግን ለምን ብላ ብትጠይቀኝ ሁሉንም ልነግራት ነው።

«እርሱ ይጠብቅህ» አለችኝ።

አሜን ብዬ፣ የሚካኤልን ሻማ ሳላነሳ ስልኩን ዘጋሁ።