ኮምፒውተሬ የዘለላት ቀን

እሑድ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ንፋስ መውጫ

ይህን ማስታወሻ የምጽፍበት ፕሮግራም ካላንደር አለው፤ ቀኑን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሚያሳየኝ። ዓርብ ዕለት በእኛ እንዲያሳይ አስተካክዬ፣ የጽዋ ማኅበራችንን የዓመት ተራ ከነዕለቱ ከእሱ ላይ ገልብጬ አተምሁ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ብከፍተው "እሑድ፣ መስከረም 1" አለኝ። የበዓሉ ዶሮ እኮ ገና ግቢ ውስጥ ይጮኻል!

ጎረቤቴን መሪጌታን ጠርቼ አሳየኋቸው።

"ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። አልነገርኸውም?" አሉኝ።

ለካ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ናት ብዬ የጻፍሁለት እኔው ነኝ። አረምሁት፤ ከቀኑ ጎንም "ዘመነ ሉቃስ" የሚል ጨመርሁበት። ተራውንም እንደገና አተምሁ፤ አለዚያ ዓመቱን ሙሉ ደጋሹ ሁሉ አንድ ቀን ቀድሞ ጠላውን ይዞ ሊጠብቀን ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ መሪጌታ ለመሄድ ተነሱና "ኮምፒውተርህ ዘመነ ዮሐንስ የሚለው መቼ ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ።"

"እኛማ አሁን ዋዜማ ቆመን ልንቀበለው ነው" ብለው እየሳቁ ወጡ።

ማስተካከያውን አገላብጬ ፈለግሁ። ቀኑ ከመቼ ይጀምር ብሎ የሚጠይቀኝ ቦታ የለውም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ይሰማኛል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ገና ሉቃስ ነው።